የባልትና ሱቅና የአማት ዓይን

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ባሌም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ካልበሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ሽሮውንም፣ በርበሬውንም፣ የቲማቲም ድልሁንም ከሱቅ እገዛለሁ። ወጡ አልጣፍጥ ሲለኝ ኩብ ማጣፈጫ ጣል አደርግበታለሁ። ሰሞኑን አማቴ ከቢቸና መጥተው አብረውን ሰንብተው ነበር። ጓዳዬን አይተው ‹የዛሬ ልጅ ወጥ የምታወጣው ከፌስታል ነው› አሉ። ባሌ ሰምቶ ዝም አለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ድስት በጣድኩ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። እውነት የሱቅ ነገር ይጎዳል? ካልሆነስ ይቺን ጊዜ እንዴት ላብቃቃት? ሽምብራና ባቄላ መቀቀልማ ትቻለሁ፤ ሲንተከተክ ያመሻል። ፕሬዠር ኩከር ልግዛ ወይ?»
ጊዜ ያጠራት እናት

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በመጀመሪያ የሚያሳፍር ነገር አልሠራሽም። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዘሽ ቆመሽ ትውያለሽ፣ ልጆችሽ ሳይተኙ ደግሞ ትኩስ ራት ታቀርቢያለሽ። ይህ ሙያ ነው።

አማትሽ የተናገሩትን ግን እንዲሁ አንለፈው። ቢቸና የጤፍ አገር ነው፤ የእሳቸውም ጓዳ ባዶ አይሆንም። እዚያ ጓዳ ምን አለ? ድርቆሽ ይኖራል። ድርቆሽ ተጋግሮ የደረቀ፣ ወጥ ብቻ የሚጠብቅ እንጀራ ነው። ቋንጣ ይኖራል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ተቀምሞ፣ ደርቆ ተሰቅሏል። በሶ አለ፤ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ ውሃ ብቻ ነው የቀረው። ድልሁም አለ። ይህ ሁሉ እንግዳ ሲደርስ፣ እርሻ ሲበዛ፣ መንገድ ሲወጣ ምግብ ቶሎ እንዲደርስ ታስቦ የተሰናዳ ነው። አስቀድሞ ማሰናዳት ለጎጃም ሴት አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ በእሳቸው ጓዳና በአንቺ ጓዳ መካከል ያለው ልዩነት የቱ ላይ ነው? እሳቸው በርበሬውን ማን እንደቀነጠሰው፣ ከምን ጋር እንደተደለዘ፣ የት ወፍጮ ቤት እንደተፈጨ ያውቃሉ። አንቺ ስለ ፌስታሉ ይህን አታውቂም። ንግግራቸውን «ውስጡ ያለውን ታውቂዋለሽ ወይ?» ብለው እንደጠየቁሽ ቁጠሪው። እንዲህ ሲታይ ልክ ናቸው፤ የእኔም ምክር ከዚሁ ይጀምራል። ያልተፈጨውን እንደልብ ግዢ፤ የተፈጨውን ስትገዢ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ጊዜ የሚበላብሽ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቆይተን እንደርስበታለን።

ከበርበሬው ልጀምር። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ምንም ነገር ሊደበቅ ይችላል። ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ አለ፤ የሸክላ ዱቄት ሳይቀር። ከዚያ የሚብሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። በርበሬ ሳይደርቅ ሲከማች፣ ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ሲነሰነስበት ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበት ይጎዳል። ወጡ የቱንም ያህል ቢንተከተክ አይጠፋም፤ እሳት አይበግረውም። የሻገተ ዛላ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ከደህናው የሚለየው ሰው የለም።

ስለዚህ ዛላውን ግዢ። አንቺ እኮ ዕድለኛ ነሽ፤ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም በበርበሬ የታወቁ አገሮች ናቸው፣ ከደብረ ማርቆስም ሩቅ አይደሉም። ስትገዢ ጥቂት ዛላ አንሺና ጆሮሽ አጠገብ ነቅነቅ አድርጊው። ፍሬው ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ስታጥፊው እንደ ቆዳ የሚለመጥ ከሆነ እርጥበት ይዟል። ከዚያ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ። ፍሬው ቢጫ፣ የውስጡ ግድግዳ ንጹሕ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ጥጥ የመሰለ ነገር ካየሽ ዋጋው ቢረክስም ተዪው። ላዩ አምሮ ውስጡ የሻገተ ዛላ ብዙ ነው፤ መሰንጠቁን አትፈሪ፣ ነጋዴውም ቢሆን ያውቀዋል።

መቀንጠሱ፣ መደለዙ፣ ማስጣቱ ለብቻ አድካሚ ነው፤ ለብቻሽ አትጀምሪው። ከሁለት ሦስት የሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ገንዘብ አዋጡና ለባለሙያ ሴት አሠሩት። ወይም ደግሞ አማትሽን ጠይቂያቸው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የተፈጨ ከመግዛት ሌላ አማራጭ ያጣሽ ጊዜ ከባልትና ሱቅ ግዢ፤ ግን ማሸጊያውን አዙሪና አንብቢ። ያዘጋጀው ማን ነው? አድራሻው የት ነው? መቼ ተመረተ? እስከ መቼ ያገለግላል? ምን ምን ገብቶበታል? ይህ ያልተጻፈበትን አትንኪው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ገላጭ ጽሑፍ የሌላቸውን ምርቶች ሰው እንዳይጠቀም በተለያየ ጊዜ አስጠንቅቋል። ቤት ገብተሽ ደግሞ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ጥቂት አቆይው። ሥሩ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ከዘቀጠና በጣትሽ ስታሺው ከሻከረሽ፣ ያን በርበሬ ሁለተኛ አትግዢው። ይህ ፈተና አሸዋና ሸክላ ያሳይሻል እንጂ የሻጋታውን መርዝ አያሳይሽም።

ሽሮም እንደዚሁ ነው፤ ግን የእሱ ጉዳይ ጓያ ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ይቀላቀላል። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አያሰጋም። ለወራት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ሽባ ያደርጋል፤ የደረሰበት ሰው ደግሞ መድኃኒት የለውም። አንቺ ሽሮ በየቀኑ የምትሠሪ ከሆነ፣ በተለይ በጾም፣ ሽሮሽ ውስጥ ያለውን ማወቅ አለብሽ። ክኩን ራስሽ ግዢ፤ አተሩንም ሽምብራውንም በዓይንሽ አይተሽ፣ ለቅመሽ፣ ቅመሙን ጨምረሽ ወፍጮ ቤት ላኪ። የአንድ ቀን ሥራ ናት። ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ አታስፈጪ፤ ቅመም የገባበት ሽሮ ሲቆይ ይሻክታል፣ ነቀዝም ይወደዋል። በደረቅ ክዳናም ዕቃ ይቀመጥ። ስትሠሪው ደግሞ ሽሮውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ቁሌቱ ላይ ጨምሪው፤ አይጓጉልብሽም፣ ስታማስይም አትለፊም።

የቲማቲም ድልህን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። ጥሩ ዕቃ ነው። ከጀርባው ቲማቲምና ጨው ብቻ የተጻፈበትን ምረጪ። በክረምት ቲማቲም ሲወደድ ያድንሻል። ብዙ ሰው ግን ወጡ ውስጥ መጨረሻ ላይ ይጨምረውና «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» ይላል። ዘይቱ ላይ ቀድመሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቁላይው፤ ቀለሙ ጠቆር ሲል ያ ጣዕም ይጠፋል። ጣሳው ከተከፈተ በኋላ በጣሳው አታስቀምጪው። ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጪው፣ ላዩን በስሱ ዘይት ሸፍኚው፣ ፍሪጅ ይግባ።

ኩብ ማጣፈጫውን ግን ቀንሺ። ከኩቡ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። አንቺ ደግሞ ከዚያ በላይ ወጡን ጨው ትጨምሪበታለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ጨውሽ አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ችግር ነው። ጨዉን ከምድጃ ራቅ አድርገሽ፣ ከድነሽ አስቀምጪው። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሪው፤ አዮዲኑ ሙቀትና እርጥበት አይወድም።

በኩቡ ፈንታ የራስሽን ኩብ ሥሪ። ሁለት እጅ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እጅ ዝንጅብል፣ ካሻሽ ጥቂት በሶብላ። ነጭ ሽንኩርቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ብትዘፈዝፊው ልጣጩ በቀላሉ ይወልቅልሻል። በብሌንደር በትንሽ ዘይት ፍጪና በበረዶ መሥሪያው ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። ሲጠጥር አውጥተሽ በላስቲክ ቋጥሪው። ወጥ ስትሠሪ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ጣል ማድረግ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ነጭ ሽንኩርት በዘይት የተፈጨ ውጭ አይደር። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል፣ ያለ አየር የሚራባ አደገኛ ተህዋስ ሊያፈራ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አይነግርሽም። ፍሪዘር ከሌለሽ ለሦስት አራት ቀን የሚበቃሽን ብቻ ፍጪና ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጊዜሽን የሚበላው ሽንኩርቱ ነው። ምስር ክክ 20 ደቂቃ፣ ሽሮ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍና ማቁላላት ግን ብቻውን አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ አንቺ ደግሞ ይህን በየማታው ትደግሚዋለሽ። በሳምንት አንዴ ቁሌት ሥሪ፤ የቀረው ምሽት ሁሉ ያንቺ ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አዘጋጂ። በቢላ ብትከትፊው ይሻላል። በብሌንደር መፍጨት ካለብሽ ጥሬውን አትፍጪው፤ ውሃ ይሆናል፣ ይመራልም። ትልልቅ አድርገሽ ቆርጠሽ በጥቂት ውሃ ለስለስ እስኪል ቀቅይና ከዚያ ፍጪው።

ከዚያ በሰፊ ድስት ያለ ዘይት ጣጂው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ውሃውን ያወጣና ድስቱ ይፍለቀለቃል፤ እንፋሎቱም ዓይን ያቃጥላል። እሳቱን መካከለኛ አድርገሽ አማስይ። ቆይቶ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሽታውም ከሚያቃጥለው ወደ ጣፋጭ ይለወጣል። ማማሰያውን ድስቱ መሐል ስትጎትቺው የድስቱ ቂጥ ይታይና ሽንኩርቱ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ውሃው አልቋል። ቀለሙ ወርቃማ ሊሆን ሲል ዘይቱን ጨምሪ፤ ለ3 ኪሎ ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ዘይት ቀድሞ ከገባ ግን ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይበስልም፤ ወጡም ሽንኩርቱ ለብቻ፣ መረቁ ለብቻ ይሆናል። የማይጣፍጥ ወጥ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ እዚህ ነው። ኩብ ማጣፈጫም የሚመጣው ይህን ለመሸፈን ነው።

ዘይቱ ከገባ በኋላ ቁሌቱን ለሁለት ክፈይው። ግማሹ በርበሬ ይግባበት፤ በትንሽ በትንሹ ውሃ ጠብ እያደረግሽ የበርበሬው ጥሬነት እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ አብስይው። ግማሹ ለአልጫ እንዲሁ ይቅር። ሁለቱንም በዘይት ብቻ ሥሪያቸው፤ ረቡዕና ዓርብም፣ በዐቢይ ጾምም ያገለግሉሻል። በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤውን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው፤ ሽታውም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

አቀማመጡ ላይ ልጠንክርብሽ። ትልቅ ድስት ትኩስ እንዳለ ፍሪጅ አታስገቢ። መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ያድርና ይበላሻል። በሰፊ ትሪ ዘርጊው፤ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ራት በሚበቃ መጠን በየዕቃው ክፈይው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ለአራት ቀን የሚሆነው ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ይግባ። መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቺ። ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ ሁለት ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል።

እንግዲህ በ11 ሰዓት ተኩል ቤት ገባሽ እንበል። ምስሩን አጥበሽ ጣጂ፤ በሌላው ምድጃ ቁሌቱን አሙቂ። ሲገናኙ ያንቺን ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጊ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ደርሷል። በማግስቱ ድንችና ጥቅል ጎመን በአልጫው ቁሌት፤ በሦስተኛው ቀን ሽሮ። ምንም ያልተዘጋጀሽበት ቀን ደግሞ እንቁላል ፍርፍር በቁሌት ለልጆች ከበቂ በላይ ነው።

እንጀራ መግዛት ያሳፍራል እንዳትዪኝ። ጎረቤት ጋግራ የምትሸጥ፣ ጤፏንና ቡሆዋን የምታውቂያት ሴት ካለች ከእሷ ግዢ። ትኩሱን እንጀራ በእንጀራ ላይ አትደርቢ፤ ላብ ያወጣና ይሻግታል።

የሽምብራና የባቄላውን ነገር ልጨርስልሽ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ብታበዢበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እህሉ የሚያመሽብሽ በዚህ ነው፤ የሙያ ጉድለት አይምሰልሽ። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን ስለሚያፍን ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ አዎ፣ ግዢ። ለደጋ አገር ሴት ከብሌንደርም በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው እላለሁ።

ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ ጠዋት ውሃውን ድፊ። ከዘፈዘፍሽው ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ጨውና ቲማቲም ሽምብራው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ቲማቲሙ ቀድሞ ከገባ ልጣጩ ይጠጥራል። ጥራጥሬ ስለሚያብጥና ስለሚያረፋ ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙዪ፤ አረፋው የእንፋሎቱን መውጫ ይደፍናል። ሁልጊዜ ከመጣድሽ በፊት መውጫውን በብርሃን እዪው፤ ጎማው የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሪው። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን በጉልበት አትክፈቺ፤ ልጆቹም አጠገቡ አይቁሙ። አንድ ጊዜ ብዙ ቀቅለሽ እንደ ቁሌቱ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው።

ባልሽ ሰምቶ ዝም አለ ብለሻል። የቅዳሜውን ሽንኩርት መላጥና መክተፍ ለእሱ ስጪው። ራቱ የሁላችሁም ነው፤ ቢላ የወንድ እጅ አይጠላም። እናቱ ፊት ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ዝም ያለውን ነገር በእጁ ተናገረ ማለት ነው።

አማትሽንም አትሸሺያቸው፤ ፌስታሉንም አትደብቂ። «እማማ፣ የሱቁን በርበሬ እኔም አላመንኩትም፤ እርስዎ ይደልዙልኝ፣ ዛላውን እኔ እገዛለሁ» በያቸው። ስንት ኪሎ ላይ ስንት ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ስንት እንደሚገባ ሲነግሩሽ ጻፊው። የእጃቸውን ልክ የምታገኚው በዚህ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የተናቁ አይመስላቸውም። ደረቁ ዛላ ወደ ገበያ በብዛት የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዋጋውም ይለዝባል፣ ፀሐዩም ለማስጣት ይመቻል። እስከዚያው ገላጭ ጽሑፍ ያለበትን በርበሬ በትንሽ በትንሹ እየገዛሽ ቆዪ፤ ለአማትሽ ግን ከአሁኑ ደውዪላቸው፤ የመምጫቸውን ቀን እንዲያስቡበት።